እትዬ ያጠነከሩልኝ ማሰሪያ

አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር። እኔ ምሳ አላሰኘኝም፤ ከጣርማ በር ቁልቁል መውረድ ስንጀምር የተቀበለን ሙቀት የምግብ ፍላጎቴን ይዞት ሄዷል። መንገድ ዳር ፓፓያና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከላይዋ ሸራ ዘርግታለች። የሸራው አንድ ጫፍ ከእንጨቱ ተላቆ ነፋስ ባገኘው ቁጥር ጧ፣ ጧ ይላል። ፀሐይ የጠበሰው ሸራ ሽታ፣ ያ የአቧራና የጎማ ሽታ፣ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ሳላስበው አንገቴን አቅንቼ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ። አጠገቤ የቆመ ተሳፋሪ ምን እንዳየሁ ለማወቅ አብሮኝ አንጋጠጠ። አንድ ጭልፊት ነበር፤ ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው በጥርጣሬ አየኝና ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

አንተም ወዳጄ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ነበር፤ «ሸራ ሲንጣጣ በሰማህ ቁጥር ምን ፍለጋ ነው የምታንጋጥጠው?» ብለህ። ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ አልፌሃለሁ። አሁን ልንገርህ።

ወጣት ሳለሁ ሥራዬ በአውሮፕላን ጨርቅ መጎተት ነበር። አብራሪ ነኝ ስል የሰው ዓይን ይበራል፤ ምን እንደማበር ስናገር ደግሞ መልሶ ይጠፋል። አንድ ሞተርና አንድ ወንበር ያላት፣ ቢጫ ቀለሟ ክንፏ ላይ የተላጠ አሮጌ አውሮፕላን ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወባ ቆላውን ታምሰዋለች፤ በዚያ ዓመት የጤና ዘመቻ አስተባባሪዎች ከእኛ ጋር ተዋውለው «ማታ ማታ በአጎበር እንተኛ» የሚል ጽሑፍ ከይፋት ሰማይ ላይ እንድጎትት ላኩኝ። እያንዳንዱ ፊደል የሰው ቁመት ያክላል። ከከተማው ወጣ ብሎ የግሪሳ መርጫ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ አለ፤ መነሻችን እዚያ ነበር።

እንዴት እንደሚነሳ ታውቃለህ? ጨርቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። የገመዱ ጫፍ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መሐል እንደ ልብስ ማስጫ ይወጠራል። እኔ ከጭራዬ መንጠቆ አንጠልጥዬ ዝቅ ብዬ እመጣለሁ፤ መንጠቆው ገመዱን ለቀም ሲያደርግ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናታለሁ። ያኔ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከመሬት ይላቀቃሉ። አላያቸውም፤ ከኋላዬ ናቸው። ግን በመቀመጫዬ ይሰማኛል። አንድ ሰው ልብሴን ከኋላ ይዞ «ቆይ እንጂ» የሚለኝ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ መፍጠን የለም፤ ጨርቁ አያስኬድም። መስኮቱን ከፍቼ ክርኔን አውጥቼ በዝግታ እሄድ ነበር። በስተምዕራብ ጣርማ በር ጉም ለብሶ ይቆማል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው እስከ አፋር ድረስ በወበቅ ይንቀጠቀጣል። ከታች ማሽላው አለ። ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ማማቸው ላይ ወጥተው ወንጭፋቸውን ያወዛውዙልኛል፤ ግሪሳው ከሞተሩ ድምፅ ሸሽቶ በመንጋ ሲነሳ ደግሞ ደስታቸው ሌላ ነው። አንድ ሰውዬ ነበር፣ ባለፍኩ ቁጥር ጅራፉን አየር ላይ የሚያጮህልኝ። ድምፁ አይደርሰኝም፤ ጅራፉ ሲዘረጋ ግን አየዋለሁ። እኔም ክንፌን ወዲህ ወዲያ አድርጌ እመልስለታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ደስታው የእኔ ነበር፤ ጥንቃቄው የመካኒኩ። በዕድሜ እጅግ የሚበልጡኝ፣ ጠዋት ቁጣ ቁርሳቸው የሆነ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። በየማለዳው ያንኑ ይደግሙልኛል። «ጨርቁ አንድ ነገር ላይ ከተያዘ ጨርቁ ይቅር፤ አንተ ና!» ለመምጣት ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛዋ ከግራ ጉልበቴ አጠገብ ያለች ቀይ እጀታ ናት፤ ስስባት መንጠቆው ይከፈትና ገመዱ ይሄዳል። ሁለተኛዋ ገመዱና ጨርቁ የሚገናኙበት ላይ ያለች የሲባጎ ማሰሪያ ናት። ክንድ አትሞላም። ጨርቁ ዛፍ ወይም ሽቦ ላይ ቢያዝ ከሁሉ ቀድማ እንድትበጠስ ሆን ተብላ ቀጭን ተደርጋ የተሠራች ነች። ጋሼ «ሰነፏ» ይሏታል። በየማለዳው በእጃቸው አዲስ ይሠሯትና ቶሎ እንድትታይ ቀይ ጨርቅ ይጠቀልሉባታል። «ይቺ ከጠነከረች ገደለችህ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

ታዲያ ከሰማይ ስወርድ ነው ጉዱ። ላይ ስሆን አገሩ ሁሉ ያውቀኛል፤ መሬት ስረግጥ የሚያውቀኝ የለም። ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ያሉ ሰዎች ስለ አውሮፕላኑ ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ነጭ ነው የሚያበረው ይላል፤ ሌላው ማንም የለበትም፣ በሬዲዮ ነው የሚነዳት ይላል። እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል? ሻዬን ጨርሼ እወጣለሁ። የሆቴሉ ክፍል ውስጥ ማራገቢያው ጣሪያው ላይ እየተንገጫገጨ ያንኑ የጋለ አየር ያመላልሰዋል። እናቴ ከሞተች ብዙ አልቆየችም ነበር። አጎበሬ ውስጥ ገብቼ ወዴት እንደምደውል አስባለሁ፤ የሚደወልለት ሰው ግን አላገኝም።

ጨርቁ በነፋስ እየተመታ ጫፍ ጫፉ ሲተረተር ነው ሰፊዋን ያገኘኋቸው። ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የፍራሽ ልብስ፣ የጆንያ አፍ፣ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ሴት ነበሩ። የዱሮ የይፋት ሰው ናቸው፤ አያታቸው አርጎብኛ ይናገሩ እንደነበር ነግረውኛል። ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ስቆም ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያቺን የምታበራት አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ሱብሀነላህ! ትልቅ ሰው መስሎኝ! ምሳ በልተሃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው እሄድ ነበር። ጨርቁ ባይቀደድም እሄድ ነበር። አንዳንዴ ራሴ ትንሽ ቀደድ አድርጌ የወሰድኩበትም ቀን አለ፤ ሳትስቅብኝ ስማ። ፓፓያ ቆርጠው ሎሚ ጨምቀውበት ያቀርቡልኛል። እሳቸው ይሰፋሉ፤ እኔ ፊደሎቹን በሳቸው በኩል እየገፋሁ አቀብላለሁ። የመኪናው ድምፅ፣ የጋለው ሸራ ሽታ፣ ከመንገዱ የከባድ መኪና ጩኸት። በዚያ በረንዳ ላይ ብቸኝነቴ ይረሳኝ ነበር።

«እዚያ ላይ ብቻህን ነህ?» አሉኝ አንድ ማታ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ማን ያጫውትሃል?»

«ሞተሩ ነዋ እትዬ።»

አልሳቁም። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ለመሻገር ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። «የሻንጣው ማንጠልጠያ ላልቶ ነበር። ቆይ ላጥብቅልህ ብለው መኪናው አይጠብቀኝም አለኝ። እንደላላ ይዞት ሄደ።» ይህን ሲሉ እግራቸው መርገጫው ላይ ይቆማል፤ መርፌውም ይቆማል። እኔ ቀጣዩን ፊደል አቀብላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼን ወባ ጣላቸው። አገሩን ሁሉ በአጎበር ተኙ እያልን ስንዞር የራሳቸውን አጎበር የአውሮፕላኗን ሞተር ከአቧራ ሸፍነውበት ኖሯል። ተናደድኩባቸውም፣ ሳቄም መጣ፤ እሳቸው ግን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነበር። መድኃኒታቸውን ሰጥቼ አስተኛኋቸውና ጨርቁን ለጥገና ወሰድኩ። ሁልጊዜ ሰነፏን ከጨርቁ የሚፈቱት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ማታ ግን እንደተቋጠረች አብራ ሄደች። ለሰፊዋ ትቼላቸው ወደ ሆቴሌ ገባሁ።

በማለዳ ስመለስ ጨርቁ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ዓይናቸው የቀላ ይመስል ነበር። «ሁሉንም አጠንክሬልሃለሁ። በል፣ አላህ ይጠብቅህ» አሉኝ። ፊደሎቹን መሰለኝ። አመስግኜ ሄድኩ።

እሳቸው ግን ያቺን ቀጭን ሲባጎ አይተው እንቅልፍ አጥተው ኖሯል። የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ክር ታስሮ ሰማይ ይወጣል? ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ ጭነት በግመል ላይ ከሚታሰርበት መጫኛ ቆዳ ቆርጠው፣ በሲባጎው ውስጥ አስገብተው፣ በእጃቸው ደርበው ሰፏት። ጎበዝ ሰፊ ደግሞ ስፌቱ አይታይም። ቀዩን ጨርቅ እንደነበረ መልሰው ጠቀለሉባት። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ወጥተው ቀዩን ጨርቅ አዩና በእጃቸው «ሂድ» አሉኝ። በዚያን ቀን አዲስ ለመሥራት ጣታቸው አይታዘዝም ነበር።

ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር። ግን ቆላ ነው፤ ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል አቧራውን እያሾረ የሚነሳ ዐውሎ አለ። ዝቅ ብዬ መጣሁ፣ መንጠቆው ገመዱን ያዘ፣ አፍንጫዋን አቀናሁ፣ ፊደሎቹም መነሳት ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ዐውሎው የጨርቁን ጭራ ወስዶ ሜዳው ጠርዝ ላይ ያለ ግራር ላይ ጠመጠመው። ሞተሩ እየጮኸ እኛ ባለንበት የቆምን መሰለኝ። ቀበቶው ትከሻዬን ቆረጠኝ። ሰነፏ አሁን ትበጠሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተበጠሰችም። ቀይዋን እጀታ ሳብኩ፤ ገመዱ ከመወጠሩ የተነሳ መንጠቆውን ነክሶ ይዞታል፤ እምቢ አለችኝ። ከኋላዬ አንድ ነገር ጓ አለና በድንገት ተለቀቅን። የግራሩ ቅርንጫፍ ነው የተገነጠለው። እሾኩንና ቅጠሉን ይዞ ከጨርቁ ጋር አብሮን ተነሳ።

ከፍ ማለት አልቻልኩም። ማሽላው ከጎማዬ ሥር ይሮጣል። ያ ባለ ጅራፍ ሰውዬ ከማማው ዘሎ ማሽላው ውስጥ ሲገባ አየሁት። እጀታዋን ደጋግሜ ሳብኩ። ገመዱ የሚላላው አፍንጫዋን ወደ መሬት ከደፋሁ ብቻ ነው፤ መሬቱ ደግሞ እዚያው ነው። ፈራሁ። የፈራሁት ግን ሞቱን ብቻ አልነበረም። ብሞት ለማን ነው የሚደውሉት? ይቺ ሐሳብ ናት የመጣችብኝ፤ እንባዬም ያኔ ነው የመጣው። ከዚያ ማታ ማታ ስሰናበታቸው «ቢስሚላህ በል» የሚለኝ የሰፊዋ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ እኔ በስመ አብ ባይ ብሆንም ሁለቱንም ብዬ አፍንጫዋን ደፋኋት። ገመዱ ላላ። እጀታዋን በሁለት እጄ ሳብኩ። ከኋላዬ የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ፤ አውሮፕላኗም እንደ ወፍ ቀለለች። ዞሬ እንዴት እንዳረፍኩ ዛሬ ድረስ አላስታውሰውም።

ጨርቁ የወደቀው ማሽላ ውስጥ ነበር። ወፍ ጠባቂዎቹ ተሰብስበው አነሱት። ረጅም ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ በመንገዱ ተሸክመውት መጡ። በሩቅ ላየው አስከሬን ነው የሚመስለው። ከተማው ውስጥም ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደረሰ። አብራሪው ሞተ ተባለ።

እኔ ክንፏ ሥር ጥላ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ጋሼ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ ገመዱ ጫፍ ላይ አጎንብሰዋል። ቀዩን ጨርቅ ፈተዋል፤ መጫኛውን አይተዋል፤ ያ የትኩሳት ፊታቸው በቁጣ ጠቁሯል። «ማነው? ማነው ይህን የሠራው?» እያሉ ሲጮሁ ሰፊዋ ደረሱ። ሻሻቸው ወድቋል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ሰውን እየገፉ አልፈው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጉልበቴን ዳሰሱ። ከዚያ ጋሼ እጅ ላይ ያለችውን ማሰሪያ አዩ። ነጥቀው ወሰዷት፤ ሳብ ሳብ አደረጓት። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«አልሀምዱሊላህ! ይኸው፣ አልተበጠሰችም! ይቺ ናት የያዘችልኝ!»

ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ያ ሚስማር ጠመመ ብሎ ሰፈር የሚያውክ ሰው፣ ለአንዲት ብሎን ቀኑን ሙሉ የሚሳደብ ሰው። እኔን አዩኝ። ሰፊዋን አዩ። ቁጣው ጉሮሯቸው ላይ ሲወርድ ታየኝ።

«አዎ እትዬ» አሉ በመጨረሻ። «እጅዎ ይባረክ።»

ማታ ጋሼ ማሰሪያዋን በቢላ ከገመዱ ለይተው እጄ ላይ አኖሯት። «ደብቃት» አሉኝ። እውነቱን ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቅኳቸው። ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። «ምን ልበላቸው? አንዱ ልጅዎ በባሕር ቀረ፣ ይኸኛውንም ሊገድሉት ነበር ልበላቸው?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግሥቱ አጎበራቸውን አጥቤ እኔው ነኝ የሰቀልኩላቸው።

ዘመቻው እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ሰነፍ ማሰሪያ በየማለዳው ይሠራ ነበር፤ ወደ ሰፊዋ የሚሄደው ግን ከዚያ ወዲያ ጨርቁ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ በየማታው ይጠይቁኛል። «ማሰሪያዬ አለች?» «አለች እትዬ» እላለሁ። ኪሴ ውስጥ ነበረች። በጣቴ እየነካኋት ነበር የምመልስላቸው። ስሰናበታቸውም ፓፓያ በፌስታል አሲዘውኝ «ስትገባ ደውል» አሉኝ። የሚደወልለት ሰው አገኘሁ ማለት ነው። በጎረቤታቸው ሱቅ ስልክ ደወልኩላቸው፤ ደጋግሜም ደወልኩ። እያደር ቁጥሩ አልሠራ አለ፤ እኔንም ሥራው ወደ ሌላ አገር ወሰደኝ።

ዛሬ አላበርም፤ ዓይኔ ደክሟል። ጋሼም በሕይወት የሉም። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ግን እግሬ ወደ ገበያው ወሰደኝ። በረንዳው አለ። የእግር መኪናው በነበረበት ቦታ አንድ ጎልማሳ የመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ስልክ ይጠግናል። እዚህ አንዲት ሰፊ ነበሩ አልኩት።

«እሳቸውማ አረፉ» አለኝ። «አላህ ይዘንላቸው፤ ወላሂ ደግ ሰው ነበሩ። ቤተሰብ ነህ?»

«ልጃቸውስ?» አልኩት።

«የትኛው? አንዱ በባሕር ሄዶ እንደወጣ ቀረ ነው የሚባለው።» ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለ። «አንዱ ግን አብራሪ ነው። ሁልጊዜ ያወሩ ነበር፤ አውሮፕላን በሰሙ ቁጥር ወጥተው ያያሉ። እኔ አላውቀውም።»

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ምን ብዬ እንደተሰናበትኩት አላውቅም። ተሳፋሪው ገብቷል፤ ረዳቱ ከላይ ሆኖ ዕቃ እያሰረ ነው። ውስጥ ቦታ ጠብቦ ነበርና እስካሁን በእጄ የያዝኳትን ሻንጣዬን አቀበልኩት። ማንጠልጠያውን ያዘና ጠቆር ያለውን ቆዳ፣ እሱን የከበበውን ያለቀ ሲባጎ አገላብጦ አየው።

«ፋዘር፣ ይቺ እኮ አርጅታለች። መንገድ ላይ ትበጠስብሃለች።»

«አትበጠስም» አልኩት።

ሳቀ። ሊወረውራት እጁን ሲያነሳ ግን መልሰህ አምጣልኝ አልኩትና ተቀበልኩት። ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማንጠልጠያዋን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስከ አጣዬ ድረስ በመስኮት ማሽላውን ሳይ ሄድኩ።